መሬት ሲሰምጥ የሚያሳየው ነፃ ካርታ፦ የአውሮፓ የመሬት እንቅስቃሴ አገልግሎት በአንድ የጉድጓድ ውሃ ባለሙያ ዓይን

ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ የመለኪያ ቴፕ ቁልቁል እሰዳለሁ፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮኻል፤ ጥልቀቱን እመዘግባለሁ። ውሃው ሲወርድ ከላይ ያለው ከተማ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ቀያሽ ተልኮ ከፍታ ይለካል፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ነጥብ ደግሞ ይለካል። ሥራው ውድ ነው፤ የሚለካውም ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። በሁለት ነጥቦች መሃል ያለው ሰፈር ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የአውሮፓ የመሬት እንቅስቃሴ አገልግሎት የሚባለውን ስገመግም እንደ ገለልተኛ ሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ነው የማየው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ለማንም ክፍት ሆኖ፣ ያለ ክፍያ፣ የአንድን አህጉር መሬት በሚሊ ሜትር ደረጃ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ችግሩ የምናነብበት መንገድ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ገብቶ ቀለሙን ያያል፤ ይደነግጣል ወይም ይረጋጋል፤ ከዚያ ይዘጋዋል። ዋናው ሀብት ከቀለሙ ሥር ያለው ግራፍ ነው። ግራፉም ቢሆን የጉድጓድ መረጃ አጠገቡ ካልተቀመጠ ግማሽ ወሬ ነው።

አገልግሎቱ ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የምድር ምልከታ ፕሮግራም አካል ነው። የሚያስተዳድረው የአውሮፓ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። የመጀመሪያዎቹ መረጃዎች የወጡት በ2022 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መረጃው የሚመጣው ሴንቲነል-1 ከሚባሉት የራዳር ሳተላይቶች ነው። የመጀመሪያው የመጠቀው ሚያዝያ 2014 ነው፤ 693 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን ይዞራል። ራዳር ስለሆነ ጨለማም ደመናም አያግደውም።

ዘዴው ኢንሳር ይባላል። ሳተላይቱ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ሞገዱ ነጥሮ ይመለሳል። የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ ቀን በዚያው መንገድ ሲያልፍ መሬቱ ዝቅ ብሎ ከቆየው፣ ሞገዱ ትንሽ ተጨማሪ መንገድ ይጓዛል። ሁለቱን ምስሎች በማነጻጸር ያ ትርፍ መንገድ ይሰላል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበትም ሞገዱን ስለሚያዘገየው ሁለት ምስል ብቻ አይበቃም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይደረደራሉ። የአየሩ ሁኔታ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ በሂሳብ እየተለየ ይወጣል፤ የመሬቱ ጉዞ ይቀራል።

ከተማ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው። ሕንፃ፣ ድልድይ፣ የብረት አጥር፣ የመብራት ምሶሶ ሞገዱን ዓመት ሙሉ በአንድ ዓይነት መንገድ ይመልሳሉ። ፌሬቲ፣ ፕራቲና ሮካ የተባሉ የሚላኖ ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ቋሚ አንጸባራቂዎች እየመረጡ መከታተል እንደሚቻል አሳዩ። በ2001 የታተመው ሥራቸው መስኩን ለውጦታል። ዛሬ በካርታው ላይ የምናያቸው ነጥቦች መነሻቸው ያ ሐሳብ ነው።

ካርታውን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ ምርጫ ነው። ሦስት ዓይነት መረጃ አለ። መሠረታዊ የሚባለው፣ የተስተካከለ የሚባለውና ኦርቶ የሚባለው። መሠረታዊው እንቅስቃሴውን ሳተላይቱ በሚያይበት ሰያፍ አቅጣጫ ይሰጣል፤ የሚለካውም በአካባቢው ካለ አንድ ማጣቀሻ ነጥብ አንጻር ነው። የተስተካከለው ደግሞ መሬት ላይ ከተተከሉ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ጋር ተሳስሯል። ስለዚህ ሁለት የሚራራቁ ከተሞችን ማወዳደር ይቻላል። ኦርቶው ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲሄድና ወደ ደቡብ ሲሄድ ያየውን አቀናጅቶ፣ ወደ ታችና ወደ ላይ የሆነውን ለብቻ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሆነውን ለብቻ ይሰጣል። ግን በ100 ሜትር በ100 ሜትር ሳጥን አማካኝ አድርጎ ነው።

ለጀማሪ ኦርቶው ይቀላል። የከተማውን አጠቃላይ መልክ ለማየትም እሱ ይበቃል። ወደ አንድ ሕንፃ ወይም ወደ አንድ መንገድ ሲመጣ ግን እኔ ወዲያው ወደ ተስተካከለው እሸጋገራለሁ። 100 ሜትር በከተማ ውስጥ ብዙ ነው። አንዱ ጥግ እየሰመጠ ሌላው ጥግ የቆመ ሰፈር በአማካይ ሲታይ ሰላም ይመስላል።

ቀለሙ ቀላል ነው። አረንጓዴ የተረጋጋ፣ ቀይ የሚወርድ፣ ሰማያዊ የሚነሳ። አንድ ነጥብ ስትነኩ ግራፍ ይወጣል። እዚህ ጋ ነው መቀመጥ ያለባችሁ።

ግራፉን ለማንበብ ግን መሬት ለምን እንደሚሰምጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ከርሰ ምድርን እንደ ስፖንጅ ያስበዋል፤ ውሃ ሲወጣ ይሟሽሻል፣ ውሃ ሲገባ ይነፋል። አሸዋና ጠጠር ከሞላ ጎደል እንደዚያ ናቸው። ሸክላ አፈር ግን አይደለም። ከሥር ያለው የውሃ ግፊት ከላይ ያለውን ክብደት በከፊል ተሸክሞ ነው የሚኖረው። በፓምፕ ውሃ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ክብደቱ በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ ይወድቃል። ይህን ሕግ የአፈር መሐንዲሱ ቴርዛጊ በ1925 አካባቢ በጽሑፍ አስቀምጦታል፤ ዛሬም የምንጠቀመው እሱኑ ነው። ግፊቱ ከዚህ በፊት ወርዶ ወደማያውቀው ደረጃ ሲወርድ የሸክላው ቅንጣቶች እንደገና ይደረደራሉ። ከዚያ በኋላ ውሃው ቢመለስም ቦታው አይመለስም። ውሃ የሚያዝበት ክፍተትም አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ግራፉ እንመለስ። በአንዳንድ ከተሞች መስመሩ ይተነፍሳል። ብዙ ውሃ በሚቀዳበት ወቅት ይወርዳል፤ ዝናብ ሲመጣና ፓምፑ ሲቀንስ ይወጣል። ከዓመት ዓመት ወደነበረበት ከፍታ የሚመለስ ከሆነ መሬቱ ገና ጤነኛ ነው። አሸዋው ሥራውን እየሠራ ነው። እየተነፈሰ ነገር ግን በየዓመቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ሸክላው መሸነፍ ጀምሯል። ሳይተነፍስ በቀጥታ ቁልቁል የሚሄድ መስመር ካያችሁ ደግሞ ወፍራም ሸክላ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ እየተነፈሰ የሚወርድ፣ ሌላው ሳይተነፍስ። ለእኔ ሁለቱ የተለያዩ በሽተኞች ናቸው። ቀለሙ ግን አንድ ዓይነት ነው የሚላቸው።

ደስ ያለኝ ነገር፣ ሠሪዎቹ ይህን ያወቁ ይመስላል። መረጃውን ስታወርዱ ከአማካይ ፍጥነቱ በተጨማሪ የወቅታዊ ውጣ ውረዱ መጠንና እንቅስቃሴው እየፈጠነ ወይም እየቀነሰ መሆኑ በየራሳቸው ዓምድ ተቀምጠዋል። እኔ አንድ ከተማ ስጀምር በፍጥነቱ ሳይሆን በወቅታዊው ዓምድ ነው ቀለም የምቀባው። ውሃ አዘሉ ንብርብር የት የት እንዳለ፣ የት ጋ እንደሚቋረጥ ከዚያ ይነበባል። የሚቋረጥበት መስመር ብዙ ጊዜ ትርጉም አለው። በ1999 በላስ ቬጋስ ላይ የታተመ የኢንሳር ጥናት የሚሰምጠው ቦታ ቅርጽ በመሬት ስብራቶች የተገደበ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ስብራቱ ውሃውን ይገድባል ወይም የአፈሩን ውፍረት ይለውጣል፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው ራዳር ጠርዙን ያወጣዋል። ጉድጓድ በመቆፈር ብቻ ይህን ለማግኘት ስንት ገንዘብ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ግን ግራፉ ብቻውን አይበቃም ብያለሁ። ምክንያቱን ላስረዳ። የምድር ዝቅታ ምክንያት ብዙ ነው። አዲስ የተሞላ አፈር በራሱ ክብደት ይጠቀጠቃል። ዋሻ ሲቆፈር መሬት ይወርዳል። የድሮ ማዕድን ማውጫ ይደረመሳል። ሳተላይቱ የሚያየው መውረዱን ነው፤ ለምን እንደወረደ አይነግርም። ውሃ ነው ለማለት የጉድጓዱ ደረጃ አብሮ መውረድ አለበት። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ስታስቀምጡ ነገሩ ይናገራል። ውሃው ወርዶ መሬቱ ወዲያው ከተከተለ፣ አሸዋማ ነው። ውሃው ከወረደ ቆይቶ፣ እንዲያውም ውሃው ከተረጋጋ በኋላ መሬቱ መስመጡን ከቀጠለ፣ ወፍራሙ ሸክላ ውስጡ ያለውን ውሃ ገና እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ይህ መዘግየት በከተማ አስተዳደር ዘንድ ብዙ ጉዳት ያመጣል። ፓምፕ ይቀነሳል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋጋል፤ ሰው ችግሩ አበቃ ይላል። መሬቱ ግን ለዓመታት ይወርዳል። ሜክሲኮ ሲቲ ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ነች። በአሮጌ ሐይቅ ሸክላ ላይ የተሠራች ከተማ ነች። በ2021 የታተመ ጥናት በአንዳንድ ቦታዎች በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር እንደምትሰምጥና ጉዳቱ ከሞላ ጎደል የማይመለስ መሆኑን አሳይቷል። በ1910 የተመረቀው የነፃነት መልአክ ሐውልት በጥልቅ መሠረት ላይ ስለቆመ በዙሪያው ያለው ጎዳና እየወረደ ሄዶ፣ ወደ ሐውልቱ ለመድረስ 14 ደረጃዎች መጨመር ነበረባቸው።

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጉድለት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። በካርታው ላይ የውሃ ጉድጓድ የለም። የጂፒኤስ ጣቢያዎቹን ፍጥነት ማየት ይቻላል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ደረጃ ግን ምንም የለም። ይህን መረጃ ከየውሃ መሥሪያ ቤቱ መለመን ይኖርባችኋል። አንዳንዱ በክብር ይሰጣል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ግን በሕዝብ ገንዘብ የተለካን የጉድጓድ መዝገብ የውስጥ ሰነድ ነው ብሎ ከልክሎኛል። ከሳተላይቱ በኩል ያለው መረጃ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ከጉድጓዱ በኩል ያለው በመሳቢያ ተቆልፎ መቅረቱ በጣም ያናድደኛል። መሬቱ ከሥሩ እየሰመጠበት ያለው ሰው የዚያው መሥሪያ ቤት ደንበኛ ነው።

ሌላው ሰው የሚስተው ነገር የልዩነት ጉዳይ ነው። አንድ የመዋቅር መሐንዲስ ጓደኛ አለችኝ። ካርታውን መጀመሪያ ሳሳያት በጣም ቀይ የሆነውን መሃል አላየችም፤ ጠርዙን ነው ያየችው። «ስንት ወረደ አትበለኝ፤ በዚህ ጥግና በዚያ ጥግ መሃል ስንት ልዩነት አለ በለኝ» አለችኝ። ልክ ነች። አንድ ሰፈር እኩል 20 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ጎርፍ ሊያመጣ ይችላል፤ የፍሳሽ ቱቦ ተዳፋቱን ሊያጣ ይችላል፤ ግድግዳ ግን ላይሰነጠቅ ይችላል። አንዱ ጥግ ቆሞ ሌላው ጥግ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ግን ሕንፃው ይሰነጠቃል።

በስፔን ሙርሲያ ከተማ ከ1992 እስከ 1995 በነበረው ድርቅ የሆነው ይሄ ነው። ውሃ ከከርሰ ምድር በብዛት ተቀዳ፤ የውሃው ደረጃ ወረደ፤ ከ150 በላይ ሕንፃዎች ተጎዱ። ጉዳቱ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደሆነ ተገምቷል። የሚገርመው የሰመጠው መጠን ከሜክሲኮ ሲቲ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥልቀት የሌለው መሠረት ያለው ቤት በፓይል (ወደ ጥልቅ መሬት በተሰካ ምሶሶ) ላይ ከቆመ ሕንፃ ጎን ሲሆን ትንሽ መውረድም ይበቃል።

በካርታው ላይ ይህን ለማየት በሁለት ነጥቦች መሃል መስመር ስቡና በመስመሩ ላይ መስመጡ እንዴት እንደሚለዋወጥ ተመልከቱ። አንድ ነገር ልብ በሉ። በፓይል ላይ የቆመ ሕንፃ ጣሪያው ላይ ያለው ነጥብ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ከፊቱ ያለው መንገድ ቀይ ሆኖ ሳለ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሕንፃው ቆሟል፤ መንገዱ ወርዷል፤ በመሃል ያለው የጋዝና የውሃ ቱቦ ነው የሚጎተተው። የነጥቡ ከፍታ በመረጃው ውስጥ አለ። ጣሪያ ይሁን መንገድ ለመለየት እሱን እዩ። ቦታው ግን በጥቂት ሜትር ሊዛነፍ ስለሚችል ነጥቡን ከአንድ በረንዳ ጋር አጣብቃችሁ አትከራከሩ።

ሰማያዊውንም አትናቁ። ለንደን ውስጥ ፋብሪካዎች ውሃ መቅዳት ሲቀንሱ የከርሰ ምድር ውሃው ተመልሶ መነሳት ጀመረ። የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎችና ጥልቅ መሠረቶች የተሠሩት ውሃው ዝቅ ባለበት ዘመን ነበር። ስለዚህ መነሳቱም በራሱ ክትትል የሚሻ ጉዳይ ሆነ።

በዚሁ ካርታ ላይ በደቡብ ምሥራቅ ስፔን ሎርካ አጠገብ ያለውን የጓዳለንቲን ሸለቆ ክፈቱ። ከርሰ ምድር ውሃ ለአሥርተ ዓመታት ለእርሻ የተቀዳበት ነው። ቀደም ባሉ የራዳር ጥናቶች በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሰምጥ ተመዝግቧል፤ በአውሮፓ ከተመዘገቡት ፈጣኖች አንዱ ነው። ከመስመጥም አልፎ፣ በ2011 ሎርካን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚሁ ውሃ መቀዳት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል በ2012 የታተመ ጥናት አቅርቧል። ነጥቦቹን እየነካካችሁ ከሸለቆው መሃል ወደ ተራራው ስትሄዱ የግራፉ ቁልቁለት እየላላ እየላላ ሲሄድ ታያላችሁ። ግራፍ ማንበብ ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ከሁሉም የሚከብደው መዘግየቱ ነው። መረጃው የሚታደሰው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ ደወል አይደለም። ዛሬ የተሰነጠቀ ግድግዳ ያለው ሰው የዛሬውን እንቅስቃሴ እዚህ አያገኝም። ያለፈውን ነው የሚያገኘው። ለውሃ ዕቅድ ይሄ ይበቃል፤ ለአደጋ ጊዜ አይበቃም።

ሁለተኛው እርሻና ዛፍ ያለበት ቦታ ባዶ መሆኑ ነው። ቅጠል ይንቀሳቀሳል፣ ያድጋል፣ ይታረሳል፤ ሞገዱን በአንድ ዓይነት መንገድ አይመልስም። የሚያሳዝነው የከተሞች የውሃ ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ ያሉት እዚያው ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ማሳ መሃል። ስለዚህ የመስመጡ መሃል ነጥብ የሌለበት ቦታ ላይ ይውልና ጠርዙ ብቻ ይታያል።

የሰሜንና የደቡብ እንቅስቃሴም ለዚህ ራዳር አይታይም ማለት ይቻላል። ሳተላይቱ ራሱ ከሞላ ጎደል በዚያ አቅጣጫ ስለሚበር ነው። ለመስመጥ ይህ ብዙ አይጎዳም። ለተንሸራታች ተራራ ግን ይጎዳል።

ፍጥነትም ገደብ አለው። ሞገዱ 5.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በሁለት ጉዞ መሃል ከሩቡ፣ ማለትም ከ1.4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያልፍ ልዩነት አሻሚ ይሆናል። አንድ ሳተላይት ብቻውን ሲሆን ወደዚያው ቦታ የሚመለሰው በ12 ቀን ነው፤ በዓመት 50 ሴንቲ ሜትር የሚሰምጥ ቦታ በዚያ ጊዜ ከ1.6 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። መስመጡ ከነጥብ ወደ ነጥብ ለስላሳ ከሆነ ሂሳቡ ይወጣዋል። ድንገት የሚቆረጥ ከሆነ ግን ካርታው ከእውነቱ ያነሰ ሊያሳይ ይችላል። እንዲያ ያለ ቦታ ላይ በተስተካከለው መረጃ ብቻ አልፈርድም።

የሳተላይቶቹም ዕጣ አለ። ሁለት ሆነው ሲዞሩ በየ6 ቀኑ አንድ ምስል ይገኝ ነበር። ታኅሣሥ 2021 ሴንቲነል-1ቢ ተበላሸና ወደ 12 ቀን ተመለስን። ሴንቲነል-1ሲ የመጠቀው ታኅሣሥ 2024 ነው። ስለዚህ ከ2022 እስከ 2024 ባለው መረጃ ነጥቦቹ ሳሳ ብለው ብታዩ ምክንያቱ ይሄ ነው።

መረጃውን ማውረድ ነፃ ነው፤ መመዝገብ ግን ያስፈልጋል። ፋይሎቹ ግዙፍ ናቸው። በተለመደው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለመክፈት አትድከሙ፤ ይንቀረፈፋል ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። መገኛዎቹም በአውሮፓ የሜትር ሥርዓት ተቀምጠዋል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም ሁለቱንም ያስተናግዳል።

ከአውሮፓ ውጭ ላለ ሰው ይሄ አገልግሎት አይደርስም። ሴንቲነል-1 ግን ዓለምን ሁሉ ያያል፤ ምስሎቹም ነፃ ናቸው። እኔ የምጠቀመው የአላስካ ሳተላይት ፋሲሊቲ ሃይፒ3 የሚለውን አገልግሎት ነው። ሁለት ቀን መርጣችሁ ታዝዛላችሁ፤ ከባዱን ሂሳብ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠሩታል፤ ውጤቱ እያንዳንዱ ነጥብ 80 ወይም 40 ሜትር ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ሚንትፓይ በሚባል ክፍት ፕሮግራም የጊዜ መስመሩን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ሙያ ይጠይቃል፤ የአየር እርጥበቱንም ራሳችሁ ትታገሉታላችሁ። ዝግጁ ነጥብ ነክቶ ግራፍ ማየት ለለመደ ሰው ከባድ ነው። ለሰሜን አሜሪካ ናሳ ኦፔራ በሚባል ፕሮጀክቱ ዝግጁ መረጃ ያወጣል። ለአብዛኛው የቀረው ዓለም ግን ዝግጁ ካርታ የሚሰጥ እንዲህ ያለ አገልግሎት አለመኖሩ ያሳዝነኛል፤ በፍጥነት የሚሰምጡት ጃካርታና ቴህራን ሁለቱም ከካርታው ውጭ ናቸው።

ሐምሌ 2025 ናሳና የህንድ የጠፈር ድርጅት ኒሳር የተባለውን ሳተላይት አምጥቀዋል። ዋናው ራዳሩ 24 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ይጠቀማል። ረጅም ሞገድ ቅጠልን የተሻለ ያልፋል፤ ፈጣን መስመጥንም ያለ አሻሚነት የመያዝ አቅሙ ሰፊ ነው። ከላይ ያማረርኩባቸውን ባዶ ማሳዎች ይሞላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይሄን ሁሉ የምለው መስመጥ ማቆም የሚቻል ነገር ስለሆነ ነው። ቶኪዮ የጉድጓድ ውሃ መቅዳትን በሕግ ገድባ የዋናውን መስመጥ ፍጥነት ገትታለች። ቬኒስ አካባቢ የኢንዱስትሪው ጉድጓዶች በ1970ዎቹ ሲዘጉ በመቅዳት የመጣው መስመጥ ቆመ። ሻንጋይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ውሃ መልሳ ወደ ከርሰ ምድር ትከታለች። እነዚህ ከተሞች ያን የወሰኑት በጥቂት የቀያሽ ነጥቦች ነው። በ2024 በቻይና 82 ከተሞች ላይ የታተመው የራዳር ጥናት ከከተማው መሬት 45 በመቶው በዓመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ፣ 16 በመቶው ደግሞ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚሰምጥ አሳይቷል። ይሄን ያህል ሥዕል ዛሬ በእጃችን አለ።

ለመጠቀም ለምታስቡ አንድ የመጨረሻ ነገር። ዓመታዊዎቹ እትሞች አንድ ዓይነት ዘመን አይሸፍኑም። የመጀመሪያዎቹ ከ2015 ጀምረው ነበር፤ ኋላ የመጡት የአምስት ዓመት መስኮት ብቻ ነው የሚይዙት፤ መስኮቱም በየዓመቱ ወደፊት ይንሸራተታል። እያንዳንዱ እትም ከራሱ ዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ነጥቦቹም አንድ አይደሉም። ሁለት እትም ዝም ብላችሁ አታጣብቁ። እኔ አሮጌውን አውርጄ አስቀምጣለሁ፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉትን የጋራ ዓመታት ወስጄ አዲሱን መስመር በአሮጌው ላይ እስኪገጥም አነሳዋለሁ ወይም አወርደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የጉድጓዱን መዝገብ ከሥሩ የማስቀምጠው።